ክንድህን አሳየኝ

አያቴ ግራ ክንዷ ላይ መስቀል ነበራት። ንቅሳት እንዳይመስላችሁ፤ በምላጭ ተሰንጥቆ፣ ቆስሎ፣ ሲድን የነጣ የጥፍር ያህል ጠባሳ ነው። ማታ እሳት ዳር ስትቀመጥ እጅጌዋ ሲሰበሰብ አየውና በጣቴ እዳብሰው ነበር። "ይኼ ምንድን ነው እማማ?" ስላት "ከፈንጣጣ ጋር የታረቅሁበት ማኅተም ነው" ትለኛለች።

እኔም በዚያው በግራ ክንዴ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ክብ ጠባሳ አለኝ። እሱን ያገኘሁት በ14 ዓመቴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተሰልፌ ነው። የአያቴን መስቀል የሠራው የደብሩ ደብተራ ነበር። የእኔን ክብ የሠራው ነጭ ገዋን የለበሰ ድሬሰር ነው። አገሩ ከመስቀሉ ወደ ክቡ እንዴት እንደ ተሻገረ ልጽፍ የተነሣሁት መንገዱን ከፊሉን በእግሬ ስለ ሄድሁት ነው።

ጡረታ የወጣሁ ሳኒታሪያን ነኝ። በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተምሬ ስመረቅ፣ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ ሊጀመር ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። እጣዬ ጎጃም ወጣ። መንደር ስንገባ ከሰላምታ ቀጥላ የምትወጣ አንዲት ቃል ነበረችን፦ "ክንድህን አሳየኝ።" ጠባሳ ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይከተባል። ኮሌጅ ሳለሁ ከዚህ የሚቀልል ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው

የሐኪም ቤት ሰዎች "ክትባት" የሚለውን ቃል እኛ ያመጣነው ይመስለናል። ቃሉ ግን ከመርፌው በፊት አገሩ ላይ ነበረ። "ከተበ" በግእዝ ጻፈ ማለት ነው። ሰው በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ክታብም ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው። ፈረንጆች "ቫክሲን" የሚሉትን ቃል ያገኙት ከላቲኑ "ቫካ"፣ ማለትም ከላም ነው። የእኛ ቃል የመጣው ከጽሕፈት ነው፤ በቆዳ ላይ በምላጭ የሚጻፍ ጽሕፈት።

አያቴ እንደ ነገረችኝ፣ ፈንጣጣ አገር ገባ ሲባል የመንደሩ ሽማግሌዎች ከታቢ ያስጠራሉ። ከታቢው አስቀድሞ በሽታው ቀለል ብሎ የያዘውን ሰው ይፈልጋል። ከዚያ ሰው ከበሰለው እብጠት መግሉን በቀንድ ይቀበልና ማር ይጨምርበታል። ልጆቹን ባንድ ቀን ሰብስቦ ክንዳቸውን በምላጭ ጫር፣ ጫር እያደረገ ይቀባና በጨርቅ ያስራል። ዋጋው አሞሌ ወይም እህል ነው። የተከተበው ልጅ ያተኩሰዋል፣ ጥቂት እብጠት ይወጣበታል፣ ከዚያ ይድናል። አንዳንዱ ግን አይድንም። አያቴ ከተከተበችበት ቀን የተመለሱትን ልጆች በስም ትቆጥር ነበር፤ ያልተመለሱትንም።

ይህ ጥንቆላ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ቻይና፣ ሕንድ፣ ቱርክ፣ ምዕራብ አፍሪካ ተመሳሳይ ጥበብ ነበራቸው። በ1721 እ.ኤ.አ. የቦስተን ከተማ በፈንጣጣ ስትታመስ፣ መላውን ለአሜሪካኖቹ ያስተማረው ኦነሲመስ የሚባል በባርነት የተወሰደ አፍሪካዊ ነበር፤ በአገሩ ሳለ ተከትቦ ነበርና።

የአሮጌው ክትባት ትልቁ ጣጣ፣ የተከተበው ልጅ እውነተኛ ፈንጣጣ የያዘው መሆኑ ነው። ቀለል ቢልለትም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ የጎረቤቱ ደግሞ ላይቀልል ይችላል። ከታቢው ልጆቹን ሁሉ ባንድ ቀን የሚሰበስበው ለዚህ ነበር።

ፍርሃቱ በቤተ መንግሥትም በጎጆም ያው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያገኘው ፈንጣጣን ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ ሕሙማኑ በራፍና መስኮቱ ተዘግቶባቸው ተኝተው ነበር። እሱ በሩንም መስኮቱንም አስከፈተ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ቤተኞቹን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣቸው የመስኮቱ መከፈት ሳይሆን አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ለታመመ ሰው ነፋስ ማስገባት ዛሬም እናቶቻችንን ያስቆጣልና።

ፈረንጅም ከፍርሃት አልዳነም። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 እ.ኤ.አ. ከላም ፈንጣጣ ወስዶ የአትክልተኛውን የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። ልጁ ፈንጣጣ እንደማይዘው ታየ፤ ለሌላ ሰውም የሚያስተላልፈው ነገር አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የታተመ አንድ የታወቀ የፌዝ ሥዕል፣ የተከተቡ ሰዎች ከፊታቸውና ከክንዳቸው ላሞች ሲበቅሉባቸው ያሳያል። "የጎጃም ገበሬ መርፌ ፈራ" እያሉ ለሚስቁ ሰዎች ያንን ሥዕል ሳላነሣባቸው ቀርቼ አላውቅም።

የሽምብራው መዝገብ

የዓለም የጤና ድርጅት ፈንጣጣን በ10 ዓመት ከምድር ለማጥፋት ሥራውን ያጠናከረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር። የእኛ አገር ከመጨረሻዎቹ ጀማሪዎች አንዷ ናት። መንግሥት ያለውን ሰውና ገንዘብ ወባ ላይ አድርጎ ስለ ነበረ ሌላ ዘመቻ ለመጨመር አመነታ። ሥራው የተጀመረው ጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በዚያው የፈረንጅ ዓመት በኢትዮጵያ ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ፤ በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። ቁጥሩ እንዲህ ያሻቀበው በሽታው ድንገት ስለ ባሰ አይደለም። ቀድሞ የሚቆጥር አልነበረም።

ትጥቃችን ትንሽ ነበር። ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተሰነጠቀ መርፌ፣ የደረቀ መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ፣ ማሟሚያ ፈሳሽ፣ መርፌ መቀቀያ ቆርቆሮ። መርፌው ብልቃጡ ውስጥ ሲነከር በሁለቱ ጥርሶች መካከል ጠብታ ይይዛል። ያንን ይዞ ክንድ ላይ ቶሎ ቶሎ 15 ጊዜ ነካ፣ ነካ ማድረግ ነው፤ የደም ጭላንጭል ከታየ በቃ። መድኃኒቱ ደረቅ ስለሆነ ያለ በረዶ ሙቀት ይችላል። ሌላው ዕቃችን በፈንጣጣ የተሸፈነ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ነው። ገበያ መካከል ቆመን "እንዲህ ያለ ልጅ ያያችሁ?" እያልን እናሳያለን። አብረውን የአሜሪካ ሰላም ጓዶች፣ ጃፓኖችና ኦስትሪያውያን ይሠሩ ነበር። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር።

መጋቢት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንዲት ቀበሌ ደረስሁ። ከእኔ ጋር አንድ ጭነት ያዥና አንድ ነጭ ለባሽ ጠመንጃውን አንግቶ አለ። ነጭ ለባሹን ያስከተለኝ የወረዳው ሹም ነበር፤ እኔም ሰው ያከብረኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጭቃ ሹሙን አስጠራሁ፣ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስወጣሁ፣ ትልቁን መዝገብ ዘርግቼ "የቤቱ አባወራ ስም፣ የልጆች ቁጥር" እያልሁ ብዕሬን አሾልሁ።

አንድም ሰው አልመጣም። ከቀትር በኋላ ጎጆዎቹ ሁሉ ተዘግተው፣ ከጭስ በቀር የሚንቀሳቀስ አጣሁ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ገደል ወርደዋል። በሦስተኛው ቀን ነጭ ለባሹ ራሱ "ጌታዬ፣ ብንሄድ ይሻላል" አለኝ።

ለአለቆቼ "ሕዝቡ ባለማወቅ ፈርቶ" ብዬ የምጽፈው ሪፖርት በአእምሮዬ ተዘጋጅቶ ነበር። ያንን ሪፖርት ያላስጻፈኝ የደብሩ መሪጌታ ነው። ሦስተኛው ቀን ማታ በትራቸውን እያስቀደሙ ካረፍሁበት ቤት መጡ። እሳት ዳር ተቀመጡና መዝገቤን በዓይናቸው እያመለከቱ፦

"ይህን ምን ትሠራበታለህ ልጄ?"

"የተከተበውን እቆጥርበታለሁ መሪጌታ።"

"ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ምን ወረደ?"

ዝም አልሁ። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፍሁ ሰው ነኝና መልሱን አውቃለሁ፤ ቸነፈር ነው የወረደው። እሳቸው ግን የመጽሐፉን ብቻ አልነበረም የሚሉት። ቀስ ብለው ቀጠሉ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1960፣ እንዲሁ መዝገብ የያዙ ሰዎች ነጭ ለባሽ አስከትለው መጥተው የቤቱን፣ የከብቱን፣ የእርሻውን ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ኋላ የእርሻ ገቢ ግብር መጣ። "መሬታችን ሊለካ ነው" ተባለ። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደጋ ዳሞት ተነሣ። ከዚያ አውሮፕላን መጥቶ መንደር ደበደበ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ተነሥተው፣ ውዝፉ ግብር ተምሮ ነገሩ ቢበርድም፣ ሰው ግን መዝገብ ሲያይ ሰማይ ሰማይ ማየት ለመደ።

ያኔ እኔ ጎንደር ተማሪ ነበርሁ፤ ወሬውን በጨረፍታ ሰምቼ ፈተናዬን አጥንቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል እሰማለሁ። እባቡን ያመጣው መንግሥት ነው፣ ልጡን ይዤ የቆምሁት እኔ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኋቸው።

"ነጭ ለባሹን መልሰው። መዝገቡን እጠፈው።"

"ቁጥር ካላመጣሁ አለቆቼ ይቆጡኛል።"

መሪጌታው ከፊታቸው ከተቀመጠው ሰፌድ ሽምብራ ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱ። "አንድ ሰው ስትወጋ አንድ ፍሬ ኪስህ ጨምር። ማታ ሽምብራ ቁጠር፤ ሽምብራ ቢቆጠር ቸነፈር አይወርድም" አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ወረዳ መዝገቤ ሽምብራ ሆነ። ሪፖርቴን ያየው አለቃዬ የቁጥሩን ጥራት አመስግኗል፤ ከምን እንደ ተቆጠረ አልነገርሁትም።

እሑድ ለእሑድ

የመሪጌታው ጉዳይ ግን በመዝገቡ አላበቃም። ስሜን፣ አገሬን፣ የአባቴን ደብር ከጠየቁኝ በኋላ ከታቢ መሆናቸውን ነገሩኝ። እንደ አያቴ ደብተራ ማለት ነው። የቀንዱን ዕቃ ከአባታቸው የተቀበሉት ነው። እኔ እንግዲህ ገበያቸውን ልዘጋ የመጣሁ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን ጥያቄያቸው የእጅ ባለሙያ ጥያቄ ነበር።

"መድኃኒትህ ከምንድን ነው የሚወጣው?"

"ከጥጃ ቆዳ።"

"በጾም!" ብለው ሳቁ። ደነገጥሁ። ይህ ወሬ ነገ ጠዋት መንደሩን ሲዞር ታየኝ። እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና "በክንድ የገባ ጾም አይገድፍም፤ የአፍ ነገር ነው ጾም" ብለው ፈረዱልኝ።

ቀጥሎ "ያንተ የተከተበ ልጅ ለወንድሙ ያስተላልፋል?" አሉ። አያስተላልፍም አልሁ። ለረጅም ጊዜ እሳቱን ተመለከቱ። የከታቢ ሁሉ ጭንቀት እዚያች ጥያቄ ውስጥ እንዳለች ያኔ አልገባኝም ነበር። በእሳቸው እጅ የተከተበ ልጅ ድኖ፣ በእሱ ሰበብ ግን ያልተከተበው የጎረቤት ልጅ የሞተበት ቀን ሳይኖር አይቀርም። አልጠየቅሁም፤ አልነገሩኝም።

"ክንድህን አሳየኝ" አሉ በመጨረሻ።

የእኔው ቃል ወደ እኔ ሲዞር የመጀመሪያው ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ ክቡን ጠባሳ አሳየሁ። በጣታቸው ዳበሱት፤ የአያቴን እንደ ዳበስሁት። "ይህስ የእሳት ጠባሳ ቢሆን? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ራስህን ውጋ። ቀጥሎ እኔን። ከዚያ እናያለን።"

እውነቱን ለመናገር እስከ እሑድ አልተኛሁም። የፈራሁት መርፌውን አይደለም። ብልቃጡ ሁለት ሳምንት በበቅሎ ጀርባ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል። በኮሌጅ "ሙቀት ይችላል" ብለው ያስተማሩኝን ነገር በሕይወቴ አልፈተንሁትም። መድኃኒቱ ሞቶ ቢሆንስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውኃ ወግቼ ብሄድስ? መንደሩ እኔን ሲፈራ እኔ ብልቃጤን እፈራ ነበር።

እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ በቀኝ እጄ ራሴን ወጋሁ። 15 ጊዜ። ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። መሪጌታው ኩታቸውን ገለጡ። ግራ ክንዳቸው ላይ መስቀል ነበራቸው፤ ልክ እንደ አያቴ። "ከመስቀሉ አጠገብ" አሉ። ወጋሁ። ሦስተኛ የ4 ዓመት የልጅ ልጃቸውን አቀረቡ። የልጁ እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። እሳቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው "እስከ እሑድ ማንም አይወጋ፤ እሑድ እናያለን" ብለው አሰናበቱ።

ስለዚህ ከዓለም የጤና ድርጅት ፕሮግራም ውጪ ስምንት ቀን ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምሁ፣ በቁንጫ እየተበላሁ ተቀመጥሁ። በየቀኑ ማለዳ መሪጌታው የልጁን ክንድ ገልጠው ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ቀይ ነጥብ ወጣ። በአምስተኛው ውኃ ቋጠረ። በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ፣ መካከሏ ጎድጎድ ያለች ዕንቁ የመሰለች እብጠት ልጁ ክንድ ላይ ቆማ ነበር። መድኃኒቱ ሕያው ነው። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ግራር ዛፎቹ ፊቴን አዞርሁ። ልጁ ትንሽ አተኩሶት ነበር፤ ይጫወታል። አብራው የምትተኛ ትንሽ እህቱ ምንም አልሆነችም።

በእኔና በመሪጌታው ክንድ ላይ ግን ከትንሽ ቅላት በቀር የወጣ ነገር አልነበረም፤ እሱም ቶሎ ጠፍቷል። እኔ ይህን በሳይንስ ቋንቋ ላስረዳ አፌን ስከፍት መሪጌታው ቀደሙኝ። ክንዳቸውን ለሕዝቡ ከፍ አድርገው "አያችሁ፣ መድኃኒቱ መስቀሉን አወቀው። የተጻፈበት ላይ ደግሞ አይጽፍም" አሉ። በኮሌጅ ሦስት ሰዓት የተማርሁትን እሳቸው በአንዲት ትንፋሽ ጨረሱት።

የዚያን ቀን ማታ ኪሴ ውስጥ ከ200 በላይ ሽምብራ ነበር።

ብዙ ጊዜ ሰው ይህን ስነግረው "መሪጌታው ሕዝቡን አሳመኑልህ" ይለኛል። ማሳመን የሚባል ነገር ግን አላየሁም። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በቃል ላሳምን ሞክሬ ጭስ ብቻ ነው ያተረፍሁት። መሪጌታው ያደረጉት ሰው የሚያየው ነገር ማቅረብ ነው፤ አንድ ክንድ፣ አንድ ልጅ፣ ስምንት ቀን። ፍርሃቱን የተቆጣው ሰው አልነበረም። ፈሪው ቁጭ ብሎ እንዲያይ ጊዜ ተሰጠው። ዘመናዊ ነኝ ባዩ እኔ ያልያዝሁት ዕቃ ያ ነበር፣ ጊዜ።

ሌላ ያልገባኝ ነገርም ነበር። በእኛ አገር ያኔ የነበረው ፈንጣጣ ቀላሉ ዓይነት ነው፤ ከመቶ ሰው የሚገድለው አንድ ወይም ሁለት ነው። ገበሬው "ይህ በሽታ እኮ ብዙም አይገድልም፣ ለምን ጤነኛ ልጄን ትወጋለህ?" ሲለኝ አላዋቂ ይመስለኝ ነበር። ስሌቱ ግን ትክክል ነው። በአያቶቹ ዘመን፣ በክፉ ቀን፣ ረሀቡና የከብቱ እልቂት ላይ የተደረበውን ፈንጣጣ ያየ ሰው ሌላ ስሌት ይኖረው ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ተረት የሚገባው ድርቀቱን ላየ ሰው ነው።

የመጨረሻዋ መንደር፣ የመጨረሻው ወጥ ቤት

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በየዓመቱ ቁጥሩ ወረደ። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ከውጭ የመጡት በጎ ፈቃደኞች ቁጥር አነሰ፤ መንገዱ ሁሉ አስጊ ሆነ። ሄሊኮፕተር ተከራይተን ነበር፤ ጥቃት የደረሰበት ጊዜም አለ። ሄሊኮፕተር ባየሁ ቁጥር የ1960ውን ጎጃም አስባለሁ፤ ከሰማይ የሚመጣ ነገር ለመድኃኒት ይሁን ለቦምብ ከታች ያለ ሰው በምን ይለያል?

በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው፤ በደቡብ ምሥራቁ በረሃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር፣ የ3 ዓመት ልጅ። በሽታው ግን ከአርብቶ አደሩ ጋር ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ገባ። እዚያም በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻ ሰው ታወቀ፤ አሊ ማው ማሊን ይባላል፣ የመርካ ከተማ ሆስፒታል ወጥ ቤት። ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ሽፍታው ወጣበት።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዴት ሳይከተብ ቀረ? ማሊን ኋላ ራሱ በግልጽ ተናግሮታል፤ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ነበር። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው በሽታ የመጨረሻ ማደሪያው አንድ ወጥ ቤት መርፌ መፍራቱ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለእሱ የተተረተ ይመስላል። ደግነቱ ዳነ። ከዓመታት በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰለፈ፤ እናቶች ሲያመነቱ የራሱን ታሪክ እየነገረ ልጆቻቸውን ያስከትብ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። አግኝቼው ባላውቅም ሞያችን አንድ ነበር፤ ክንድን እያሳዩ መለመን።

ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በሬዲዮ ስሰማው የሽምብራ ቆሎ ጣዕም አፌ ላይ መጣ።

በ2013 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ላይ፣ ዕድሜዬ 72 ደርሶ ሳለ የኮሮና ክትባት ለሽማግሌዎች ተጀመረ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ፈራሁ። አስትራዜኒካ ደም ያረጋል የሚል ዜና በየቀኑ ይነገር ነበር። ስልኬ በወሬ ተሞላ። "ትንሽ ቆይቼ ልየው" አልሁ። ጎጃም ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው የነገረኝ ቃል ነው። ልጄ ሁለት ሳምንት ታገሠችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሷ ተከትባ መጣች፤ የሕክምና ሠራተኛ ስለሆነች ቀድሟት ደርሶ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ፊቴ ቆመችና "ይኸው አባዬ፣ እስከ እሑድ እየኝ" አለች። ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ነግሬያት ኖሯል።

እሑድን አሳለፍሁና ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ እንደ ልጅ ልጄ የምትሆን ናት። እጅጌዬን ስሰበስብ ጠባሳውን አይታ "አባባ፣ ይሄ የምን ነው?" አለችኝ። የፈንጣጣ ክትባት ነው አልኋት። ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጣቷም ነካ አደረገችው። "እኔ በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው" አለች። የማላውቀው ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ወጋችኝና "ሌላ ሰው!" ብላ ተጣራች።

ውጭ አግዳሚው ላይ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው አጥብቀው ተቀምጠዋል። ስማቸው ቢጠራም አልተነሡም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ምንም አላልሁም፤ እጅጌዬን እንደ ሰበሰብሁት ነበር።